ውሃ ውስጥ የተጠማ ፊላ

ሠራተኛው ሁሉ «እቴጌ ኩሬ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባዳ ሳይሆን የገዛ ባሏ ነው። ቆዳ ፋብሪካው በግቢው የታችኛው ጫፍ ኩሬ አስቆፍሮ፣ ፊላና ቄጠማ እንድትተክልበትና እንድትጠብቀው የቀጠራት ሰሞን፣ ባሏ አልጋው ላይ ሆኖ «እንግዲህ ግዛት ተሰጥቶሻል፤ የቀረሽ ዘውዱ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀባት። ወሬ እግር አለውና ስሙ ከቤት ወጥቶ ግቢውን አዳረሰ። እሷም አልከፋትም። ያን ሰሞን የባሏን ሳቅ መስማት ራሱ ለእሷ ትልቅ ነገር ነበር።

ባሏ የከበሮ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ከበሮ የሚሉት ቤት የሚያህል የእንጨት በርሜል ነው፤ ቆዳው ከጨውና ከአሲድ ጋር ይገባበትና ሲንከባለል ይውላል። አንድ ቀን ሊያራግፉት ሲከፍቱት፣ የረጠበው የቆዳ ክምር ተንዶ ላዩ ላይ ወረደ። እርጥብ የበሬ ቆዳ ሲከመር ከግንብ አይተናነስም። ከሆስፒታል ሲወጣ ከወገቡ በታች አካሉ አይታዘዝለትም ነበር። ፋብሪካው ሲመክር ሰነበተና ለሚስቱ ሥራ፣ ለሁለቱም በግቢው ውስጥ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዱን ሰጠ። ሁለት ክፍል ናት፤ መብራት አላት፣ ውሃ አላት፤ ለተሽከርካሪ ወንበሩ እንዲመች ደፏ ላይ ሲሚንቶ ተለስኖላታል። ሲያስፈርሟት «ቤቱ ከሥራው ጋር ነው» አሏት። የዚያን ቀን ነገሩ እንደ ምርቃት ነበር የተሰማት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ለኩሬው የተመረጠችው በእዝነት ብቻ አልነበረም። ፊላ ታውቃለች። ከፋብሪካው ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጣ የአባቷ ጨፌ አለ፤ አሁን ታናሽ ወንድሟ ላሞቹን የሚያሰማራበት፣ ፊላውን እያጨደ ምንጣፍ የሚሠራበት። ያደገችው እዚያ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ነው። የፊላ ሥር እንደ ገመድ የተጠላለፈ ስለሆነ ጉንጉኑን ሳይበጥሱ ከነጭቃው ካላነሱት አይጸድቅም። ያንን ለማንም ማስተማር አይቻልም፤ እጅ ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያው ተከላ አማረ። መሐንዲሶቹ እንዳስረዷት፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ኩሬው ውስጥ ሲያርፍ ተክሉ ቆሻሻውን ይመጠዋል፣ ከዚያ ውሃው ጠርቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እውነትም እንቁራሪት መጣ። ከእንቁራሪቱ ኋላ ረጅም እግር ያለው ወፍ መጣ። ባሏ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ ወፉን ሲያይ ይውላል፤ «ግዛትሽ ውስጥ ባለሥልጣን ገብቷል፣ ግብር ሊሰበስብ ነው» ይላታል።

በኋላ ፋብሪካው ሥራ በዛለት። ቆዳው ከየአገሩ እንዳይበሰብስ በጨው ታሽቶ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ሲደርስ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፍና ጨውን ይተፋል። ያ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ኩሬው ነዋ። በመጀመሪያ የፊላው ጫፍ ገረጣ። ቀጥሎ እሳት የላሰው ይመስል ዳርዳሩ ቡኒ ሆነ። ከሥር የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ከጣት ሳያልፍ ይቀራል። አንዱን ነቅላ ብታየው፣ እንደ ክር ነጭ መሆን የነበረበት ሥር አጥሮና ጠቁሮ የተላጨ ጢም መስሏል። እንቁራሪቱም ዝም አለ። ውሃ አንሶት ይሆናል ብላ የገንዳውን መክፈቻ አስለቅቃ ኩሬውን እስከ አፉ ሞላችው። በሳምንቱ የቄጠማው ግማሽ ተኛ።

የፋብሪካውን ውሃ የሚመረምር ወጣት ኬሚስት አለ፤ ከመነጽሩ ውፍረት የተነሣ «ጠርሙስ» ይሉታል። የተቃጠለ ቅጠል ይዛ ስትመጣበት አልሳቀባትም።

«እትዬ፣ ይምጡ ላሳይዎት» አላት።

በመመርመሪያው ክፍል መስኮት ላይ ባዶ የማርማላታ ብልቃጦች ደርድሯል። በየብልቃጡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ምስር የሚያህል ቅጠል ያለው ተክል አስቀምጧል። የሁሉም ዘር አንድ ነው፤ ከአንድ ኩሬ የተቀዳ።

«ይሄኛው የዝናብ ውሃ ነው። እዚህ ቆዳ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ጠብ አድርጌበታለሁ። ቀጣዩ ላይ ከፍ፣ ከዚያም ከፍ። ዳር ያለው እንዳለ ከገንዳው የተቀዳ ነው።»

ዝናብ ውሃ ያለው ብልቃጥ አፉ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሥሮቹ እንደ ሕፃን ፀጉር ተንዘርፍፈዋል። ሁለተኛው ሳሳ ብሏል። ዳር ያለው ነጭ አመድ መስሎ ከብልቃጡ ሥር ዘቅጧል።

«ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይደርቃል?» አለች።

«በጥም ነዋ! ቆዳው ላይ ጨው የሚነሰነሰው ለምንድነው? ውሃውን መጥጦ እንዲያወጣው አይደል? ሥሩንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ተክሉ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መጠጣት ያቅተዋል።»

ከመሐል ያለውን ብልቃጥ አነሣችው። ቅጠሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ትንንሽ ናቸው፤ ግን አረንጓዴ ናቸው።

«ይሄኛው እኮ አልሞተም።»

«አልሞተም፤ አላደገምም። ስጀምር የነበሩት ቅጠሎች ናቸው፣ አንድ አልጨመረም። ያለችውን ጉልበት ሁሉ ጨውን ለመመከት ያውላታል፤ ለማደግ የሚተርፈው የለም።»

«እስከ መቼ?»

ጠርሙስ ትከሻውን ነቀነቀ። ብልቃጡን መልሳ ከቦታው አስቀመጠችው።

ጠርሙስ ይህን ሁሉ ለአለቆቹ ነግሯል። መፍትሔውንም ነግሯል፤ የመጀመሪያው መዘፍዘፊያ ውሃ ለብቻው ወጥቶ ሰፋፊ መደብ ላይ በፀሐይ ቢደርቅ ጨዉ ይቀራል፣ ኩሬው ይተርፋል። «ለከርሞ» ብለውታል። ከርሞ ሲደርስ እንደገና «ለከርሞ» ብለውታል።

እሷም የግቢው ኃላፊ ዘንድ ገባች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲያናግር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ይወዳል፤ ሲወለውል ግን ሰውን አያይም።

«ጌታዬ፣ ፊላው እያለቀ ነው። ጨዉ ነው የፈጀው።»

«አውቃለሁ። ግን በዚህ ወር ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ኩሬው አረንጓዴ ሆኖ መገኘት አለበት። አንቺ አገርሽ ፊላ በሽበሽ ነው ሲሉ እሰማለሁ።»

«ቢተከልም ይሞታል እኮ።»

«ይሙታ! እስኪሞት ግን አረንጓዴ ነው።»

በፋብሪካው መኪና ጨፌው ድረስ ወሰዷት። ወንድሟ እሷን ያየ ቀን አቅፎ ሊሰብራት ደረሰ። «ከዚህ ውሰጂ እታለም፣ እዚህ ደግሞ በዝቶ ላሞቹን አላሳልፍ ብሏል» እያለ ራሱ አካፋ ይዞ ገባ። ሳይመሽ ኩሬው አረንጓዴ ለብሶ ቆመ። ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ፈረሙ። አንዱ ፎቶ አነሣ፤ ፎቶው ፋብሪካው በየዓመቱ በሚያድለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጣ። እሷም ዳር ላይ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ ትታያለች። ከዚያ ፊላው ሞተ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ተክል ይመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ተክሉ ይቃጠላል። የደረቀውን ማጨድ፣ መከመር፣ እንደገና መትከል የእሷ ሥራ ነው። ባሏ ከመስኮቱ አይነሣምና ከሥራ ስትገባ ወሬ ይጠብቃታል።

«ዛሬ ከግራ በኩል ያሉት ተሰናብተዋል» ይላል። ወይም «ቄጠሞቹ ኑዛዜ ላይ ናቸው፤ ፊላው ምስክር ተቀምጧል።»

«አንተ ደግሞ! እዚያ ከምታፈጥ ምናለ ሬዲዮህን ብትሰማ።»

«ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል? እሱም እንዳንቺ ኩሬ ሁሉም ለምለም ነው ይላል።»

እየቆየ ግን ቀልዱ መረረ። ወፉ ከቀረ ወዲህ ዝም ብሎ የሚውልባቸው ቀናት በዙ። እሷም የዕረፍት ቀኗን ሌላ ቤት ፍለጋ ማዋል ጀመረች። ከተማው ውስጥ ያሉት ርካሽ ክፍሎች ፎቅ ላይ ናቸው፤ ምድር ላይ ያሉት ሽንት ቤታቸው ከጓሮ፣ ደረጃ ወርዶ ነው። አንዲት አከራይ የወንበሩን ነገር ሰምታ «እኔስ ምንም አይደለም፣ ግን ሌሎቹ ተከራዮች…» ብላ ቀሪውን ዋጠችው። አንድ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ፈልጎ ሊቀጥራት ነበር፤ ቤት ግን የለውም። ቤት ያለው ሥራ አይገኝ፣ የሚገኘው ሥራ ደሞዙ ለቤት ኪራይ አይበቃ። እየዞረች፣ እየዞረች፣ ሲመሽባት ወደዚያው በር ትመለሳለች። ዘበኛው «እቴጌ፣ ከዘመቻ ተመለሱ?» ይላታል። ትስቅለታለች። ከኋላዋ የብረት በሩ ይዘጋል።

አንድ ቀን ባሏ «ለምን እኔን እዚህ ትተሽኝ አትሄጂም?» አላት። ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

«የት?»

«የትም። አንቺ እግር አለሽ።»

ሳህኑን አጥባ ጨረሰች። ከዚያ «እግርማ አለኝ፤ ግን ካንተ ጋር ነው የታሰረው» አለች። ይህን ስትል ፍቅር ነው ያናገራት ወይስ ምሬት፣ ራሷም ለይታ አታውቀውም። ምናልባት ሁለቱም ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ ናቸው።

በኋላ በኋላ ወገቧን ስላመማት ጨፌው መሄዱን ተወችና የቀን ሠራተኞች ይላኩ ጀመር። ለወንድሟ ሰላምታ ትልካለች፤ ሰላምታ ይመለስላታል። ከዚያ ሰላምታው ቀረ። እሷም ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ለመጠየቅ ፈርታ ነው።

ወንድሟ ራሱ በር ድረስ መጣ። ያለ ፈቃድ ሰው ስለማይገባ ዘበኛው ከሽቦው አጥር ማዶ አቆመው፤ እሷን ጠራት። በአጥሩ ቀዳዳ ልትጨብጠው እጇን ብትሰድ አልተቀበላትም።

«ነይና እይው» አለ።

«ምኑን?»

«ነይና እይው እታለም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ፈቃድ ጠይቃ በማግሥቱ ሄደች። ጨፌው ጫፍ ስትደርስ ቦታ የሳተች መሰላት። ሠራተኞቹ እንደ እሷ ከዚህም ከዚያም እየመረጡ ሳይሆን፣ ለመኪናው እንዲቀርብላቸው ከመንገዱ ጀምረው ከነጭቃው እየገመሱ ወስደውታል። ውሃውን አቅፎ ይዞት የነበረው የሥር ጉንጉን ሲነሣ፣ ምንጩ መንገድ አግኝቶ መሬቱን ቦርብሮ ወረደ። ሰው የሚውጥ ቦረቦር ጨፌውን ለሁለት ከፍሎታል። ግራና ቀኙ ተሰነጣጥቆ ደርቋል። ላሞቹ ከዳገቱ ሥር ቆመው አቧራ ያሸታሉ። ወንድሟ ቤት ደጃፍ ላይ የምንጣፍ መሥሪያው እንጨት ባዶውን ተጋድሟል።

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ሰው ልኬ ነበር። አልነገሩሽም? ለሠራተኞቹ በቃ ስላቸው ‹እህትህ ናት ያዘዘችን› ይሉኛል። እህቴን ምን ልበል? ቤትሽ በዚህ ነው የቆመው።»

ቦረቦሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። እንደ ልጅነቱ፣ ጉልበቱን አቅፎ።

«ታች ያሉት ሰዎች ጨዉ ወንዙን አበላሸብን ይላሉ» አለ። «እኔ ደግሞ ከፋብሪካው በላይ ነኝ፣ ተመስገን፣ ጨው ሽቅብ አይፈስም እል ነበር። አልፈሰሰምም። ጨዉ እኔ ጋ አልደረሰም እታለም። አንቺ ግን ደረስሽ።»

ምን ብላ ትመልስለት? የባሏን ወገብ ነው የምታነሣው? ሲሚንቶ የተለሰነውን ደፍ? ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ግን አንዲት ላም አያጠግብም።

ተመልሳ በቀጥታ ኃላፊው ዘንድ ገባች። «ከእንግዲህ ከወንድሜ መሬት አንዲት ዘለላ አይነቀልም» አለች።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ማን አስገደደሽ? ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ብቻ ሰኞ ተቆጣጣሪ አለ።»

«ከሌላም ቦታ አይምጣ። የሰው መሬት ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ቤቱ ከሥራው ጋር መሆኑን አትርሺ» አለና ትንሽ ቆይቶ፣ መነጽሩን እያየ፣ «የእኔም ቤት ከሥራዬ ጋር ነው» ብሎ ጨመረ። ለማስፈራራት አልመሰለም። የደከመው ሰው ንግግር ነበር።

ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋው።

«‹ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል› ይባላል» አለ። «እኛማ አስቀድመው የወረወሩን ነን። ምን ቀረብን?» ሲናገር ይስቃል፤ እጁ ግን የወንበሩን ጎማ አንቆ ይዟል። አየችው። እሱም እንዳየችው አየ። «‹ዝም አይነቅዝም›ም ይባላል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እንጃ። የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ ፈሪ ነኝ።»

እሑድ ቀን ፊላ የጫነ መኪና መጣ፤ ከየት እንደተነቀለ አልነገሯትም። ኩሬው ዳር አራገፉትና የቀን ሠራተኞቹ እንደ አጥር እንጨት ይተክሉት ጀመር፤ ሥሩ ተሰብሮ፣ አንዳንዱ ተገልብጦ። ቤቷ በር ላይ ቆማ «አልነካም» ብላ ማለች። አየች፣ አየች። በመጨረሻ ቦቲዋን አጥልቃ ወረደችና «ስጡኝ፣ እናንተ ጨካኞች» ብላ ከእጃቸው ነጠቀች። እስኪመሽ እያንዳንዱን በእጇ ተከለችው። የሚሞት ነገር ነው፤ ቢሆንም ሥሩ እየተሰበረ ማየት አልቻለችም። ሠራተኞቹ ሳቁባት። መሐላዋ እንዲህ ነበር ያለቀው።

ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ የለመደ። ኃላፊው በቀኟ፣ ጠርሙስ በግራዋ ሆነው እየተከተሏት ኩሬው ዳር ደረሱ። ፊላው በነፋሱ እየተወዛወዘ አምሮ ቆሟል።

«እርስዎ ነዎት የሚንከባከቡት? ጥሩ ይዞልዎታል። ከመቼ ወዲህ ነው?»

የዓመታት መልሷ ምላሷ ላይ ነበር፦ «ከዝናቡ ወዲህ ነው፣ ደህና ነው።» ግን ምን እንደሆነች አታውቅም። ድካሙ ይሁን፣ የወንድሟ ቁጢጥ ማለት ይሁን።

«ትናንት ነው የተተከለው፣ እመቤቴ» አለች። «አምናም እንዲሁ ነበር። ካቻምናም። ጨዉ አያኖረውም፤ እየሞተ እንተካዋለን።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ጠርሙስ ጫማውን አየ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ አንዱን ፊላ በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ፀጉር ሳይታገል ወጣ። አገላብጣ አይታ መልሳ ሰካችው።

«እናውቃለን፣ እህቴ» አለች።

«ታውቃላችሁ?»

«ሥሩ ቀይ አፈር ይዟል፤ የዚህ ኩሬ ጭቃ ጥቁር ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ፋብሪካው ቢዘጋ ያ ሁሉ ሠራተኛ የት ይገባል ይሉኛል አለቆቼ። ኩሬው አረንጓዴ ከሆነ ‹አረንጓዴ ነው› ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ደግሞ ውሸት አይደለም።» እጇን በመሐረብ ጠርጋ ወደ ገንዳዎቹ አለፈች። ጥቂት እንደሄደች ዞር ብላ አየቻት።

አትክልተኛዋ እዚያው ቆማ ቀረች። ውሸቷ ከተጋለጠ ሰማይ ይደፋብኛል ብላ ስንት ዘመን ፈርታለች። ለካ ውሸቷን ያመናት አንድም ሰው ኖሮ አያውቅም። የአባቷ ጨፌ የተገመሰው ማንንም ለማታለል አልነበረም፤ አለመታለላቸውን መናገር እንዳይኖርባቸው ብቻ ነበር። ውሸት ውስጥ ሳለች ቢያንስ በር ያለ ይመስላት ነበር፦ እውነቱን የመናገር በር። አሁን ከፈተችው፤ ማዶውም ያው ግቢ ነው።

ያን ሳምንት ዕቃዋን ሸክፋ ጠበቀች። የሚያስወጣት አልመጣም። በሳምንቱ መጨረሻ ኃላፊው አስጠራትና «ሁለተኛ እንግዳ ፊት አፍሽን እንዳትከፍቺ» አላት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ። «ፊላውም ይቅር። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለመሸፈን መኪና ማመላለስ ምን ያደርጋል?»

ባሏ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ሸክፋ ያስቀመጠችውን ሻንጣ አየና «በይ ፍቺው፣ የሌሊት ልብሴ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በሸሚዝ ነው የተኛሁት» አለ። እየሳቀች ፈታችው፤ እየፈታች አለቀሰች።

ኩሬው ተራቆተ። ፊላው በቆመበት ገርጥቶ ወደቀ፤ ውሃው ሲጎድል ዳርዳሩ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ቀረ። ዝናቡ መጥቶ ከሄደ በኋላ በዚያ ቅርፊት ላይ ማንም ያልዘራው ነገር በቀለ፤ ግራጫማ፣ መሬት ላይ የሚሳብ፣ ቅጠሉ እንደ ትንሽ ጣት የደነደነ። ጠርሙስ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። «ጨው የሚወድ ዘር ነው፤ ወፍ አምጥቶት ይሆናል» አላት። ኃላፊው አንድ ቀን ሲያልፍ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲል ጠየቃት።

«ያደገው ነው» አለችው።

አያምርም። ለቀን መቁጠሪያ አይሆንም። ንቀይው ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ምን እንደታሰበው እንጃ፣ መልሶ ዘጋውና ሄደ። ቀስ በቀስ የኩሬውን አንድ ጎን ሸፈነው።

በፊላ መሸፈን ከቀረ ወዲህ ጠርሙስ ሲለምን የኖረው የማድረቂያ መደብም በስተመጨረሻ ተሠራ፤ ከጠየቀው ያነሰ፣ ግን ተሠራ። ጨውን ከመደቡ ላይ በእንጨት መጥረጊያ እየገፋች የምትሰበስበው እሷ ናት። ዓይኗን ያቃጥላታል፤ የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ቤቱ ያው ቤት ነው። በሩም ያው በር።

በዕረፍት ቀኗ ፈቃድ ወስዳ ጨፌው ትሄዳለች። የመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ ወንድሟ አላናገራትም፤ እሷም ድንጋይ ተሸክማ ቦረቦሩ ውስጥ ወረደች። እየቆየ እሱም ድንጋይ ማቀበል ጀመረ። ድንጋይና ጭራሮ እየደረደሩ የውሃውን ሩጫ ሰበሩት። ዘንድሮ ከድንጋዩ ኋላ ውሃ ተኝቶ ቄጠማው ብቅ ብሏል። ፊላው ገና ነው። ላሞቹ ግን ከዳገቱ ወርደዋል።

ባለፈው ሰሞን ሥራ ጨርሰው እግራቸውን ሲታጠቡ፣ ድንገት «እኔና ጋሼህ እዚህ ብንመጣስ?» አለችው። እንዳሰበችበት ራሷም አታውቅም ነበር።

ወንድሟ የረጠበውን መሬት በተረከዙ ተጫነው። ተረከዙ ሰጠመ።

«ደስታዬ ነበር እታለም። ግን የጋሼን ወንበር ጭቃው ይውጠዋል። ውሃው እየተመለሰ ነው እኮ።» ይህን ሲል ደስታና እፍረት ተቀላቅሎ ፊቱ ላይ ታየ።

«አውቃለሁ» አለች። «ዝም ብዬ ነው።»

የግቢው በር ሳይዘጋ ለመድረስ ፈጠን ብላ ወረደች። ቤት ስትገባ ባሏ መስኮቱ ሥር የለም፤ ወንበሩን ራሱ እየገፋ ምድጃው ጋ ደርሶ ሻይ ጥዷል።

«እንዴት ነው፣ ረጥቧል?» አላት።

«እስከ ቁርጭምጭሚት።»

«ጎሽ» አለ። ከዚያ ስኳሩ የት እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው፤ ቦቲዋን አውልቃ ጭቃውን ልታራግፍ ወደ ደጅ ወጣች።